ክሳት የሰውነት ብልሃት የመሰለበት ዘመን

እስቲ በቅርብዎ ያሉ አንድ አዛውንትን ያስቡ። ጥቂት እንደተራመዱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። የአምና ልብሳቸው ዘንድሮ ሰፍቷቸዋል። ማዕድ ላይ ደግሞ ሁለት ሦስት ጉርሻ ወስደው «በቃኝ» ይላሉ። ቤተሰቡም «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል!» ብሎ ያልፈዋል። ይገርምዎታል፣ እንዲህ ያለው ቤተሰብ ብቻ አይደለም። የሕክምናው ሳይንስም ለብዙ ዓመታት ከዚህ ብዙም ያልራቀ ነገር ሲናገር ኖሯል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ ከፈረንሳይ ይጀምራል። በ1816 የደረት ማዳመጫን የፈለሰፈው ሐኪም ረኔ ላኤኔክ፣ በ1819 ባሳተመው መጽሐፍ ኤምፊዚማ የተባለውን የሳንባ ጉዳት በዝርዝር ገለጸ። በዚህ በሽታ የሳንባ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ግድግዳ ይፈርሳል፤ የገባው አየር በቀላሉ አይወጣም። ዛሬ ኤምፊዚማና ሥር የሰደደ ብሮንካይትስ ሲኦፒዲ በሚል አንድ ስም ይጠራሉ። ዋና መነሻው የሲጋራ ጭስ ነው። ሲጋራ ነክተው የማያውቁ፣ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ በማገዶ ጭስ ውስጥ ሲጋግሩና ሲያበስሉ የኖሩ እናቶችም ይያዛሉ።

በ1955 እንግሊዛዊው ሐኪም ዶርንሆርስት ሕሙማኑን በመልካቸው ለሁለት ከፈላቸው። አንዱ ወገን ከንፈሩ የሚጠቁርና ሰውነቱ የሚያብጥ ነው። ሌላው ፊቱ ቀላ ያለ፣ እያለከለከ የሚተነፍስና ከሲታ ነው። ይህ አከፋፈል በየሕክምና ትምህርት ቤቱ ተለመደ። ክሳቱም የአንድ ዓይነት ሕመምተኛ መልክ ተደርጎ ተወሰደ። እንዲያውም ብዙዎች «ሰውነት ኦክስጅን ሲያንሰው ራሱን አሳንሶ ፍላጎቱን ይቀንሳል» አሉ፤ ክሳቱ የሰውነት ብልሃት ነው ማለት ነው። ብልሃት ከሆነ ታዲያ ማብላቱ ምን ይጠቅማል?

ስህተቱ የት ላይ እንደነበር ለመረዳት ድያፍራምን ማወቅ ያስፈልጋል። ድያፍራም ከሳንባ ሥር ተዘርግቶ አየር የሚስብልን ጡንቻ ነው። ጤነኛ ሰው አርፎ ሲቀመጥ ለመተንፈስ የሚያወጣው ጉልበት እጅግ ትንሽ ነው። ሳንባው በአየር የተነፋ ሕመምተኛ ግን ለዚያው ትንፋሽ ብዙ እጥፍ ጉልበት ያወጣል። ተቀምጦም ይሠራል፣ ተኝቶም ይሠራል። በዚያ ላይ የሞላ ሆድ ድያፍራሙን ወደ ላይ ስለሚገፋ መብላት ራሱ ያደክመዋል። ወጪው ሲጨምር ገቢው ይቀንሳል። ጉድለቱን ለመሙላት ሰውነት የራሱን ጡንቻ ይበላል።

ድያፍራምም ጡንቻ ነውና ከዚህ አያመልጥም። በ1982 አሮራ እና ሮቸስተር የተባሉ ተመራማሪዎች የሟቾችን ድያፍራም መዝነው፣ በከሱ ሰዎች ላይ እሱም አብሮ መሳሳቱን አሳዩ። ብልሃት የተባለው ክሳት፣ ለካ፣ የመተንፈሻውን ሞተር ራሱን እየበላ ነበር!

ከዚያ በኋላ ማስረጃው ተከታተለ። በ1989 አሜሪካ ውስጥ 779 ሕሙማን ወንዶችን መረጃ የመረመረ ጥናት፣ ሳንባቸው እኩል ከተጎዳ ሰዎች መካከል ክብደታቸው ያነሰው ቀድመው እንደሚሞቱ አሳየ። «የበለጠ ስለታመሙ ይሆናላ የከሱት» ይሉ ይሆናል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በ1998 ኔዘርላንድስ ውስጥ የወጣው ጥናት በስምንት ሳምንት ከ2 ኪሎ በላይ የጨመሩት የተሻለ ዕድሜ እንዳገኙ ሲያሳይ፣ ክሳት ሊቀለበስ የሚችል ነገር መሆኑ ታየ። በ2004 ደግሞ የበሽታውን ክብደት ለመገመት በተዘጋጀው ቦዴ በተባለው መለኪያ ውስጥ፣ ከትንፋሽ ምርመራው ጎን የሰውነት ክብደትም ገባ።

ምግብ የፈረሰውን ሳንባ አይጠግንም። በ2012 የተለያዩ ሙከራዎችን ሰብስቦ የገመገመ ጥናት ግን፣ ተጨማሪ ምግብ ያገኙ የከሱ ሕሙማን ክብደታቸው፣ የመተንፈሻ ጡንቻቸው ብርታትና የመራመድ አቅማቸው እንደተሻሻለ አረጋግጧል።

ይህ ለእርስዎ ቤት ምን ማለት ነው? አዛውንትዎን በየወሩ ይመዝኗቸው። 60 ኪሎ የነበሩ እናት ሳያስቡት በጥቂት ወራት ውስጥ 3 ኪሎ ከቀነሱ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይቅደም፤ እሱም ያከሳልና። አንድ ትልቅ ማዕድ ከማቅረብ ይልቅ ትንሽ ትንሹን ቶሎ ቶሎ ይስጧቸው። ከመብላታቸው በፊት ይረፉ። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ በጾም ቀን ደግሞ ሽሮ፣ ምስርና ለውዝ፣ ዘይት ጠብ ተደርጎባቸው፣ በትንሽ ምግብ ብዙ ጉልበት ይሰጣሉ። ስኳር ወይም ኩላሊት ካለባቸው ሐኪም ያማክሩ። የጾሙን ነገር ደግሞ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ፤ ለታመመ ሰው መፍትሔ አለው። አቅማቸው በፈቀደ መጠንም ይንቀሳቀሱ፤ ጡንቻ በምግብ ብቻ አይገነባም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ ዘንድ ሲወስዷቸው ታዲያ፣ የመድኃኒታቸውን ዝርዝር ብቻ ሳይሆን የክብደታቸውንም መዝገብ ይዘው ይሂዱ።