ተራ የማይጠብቀው ሰንጠረዥ

"ቼዝ የፈረንጅ ጨዋታ ነው" ለምትሉኝ ወዳጆቼ፦ የኛ ሰንጠረዥስ? (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ የመጣው ሄንሪ ሶልት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ማየቱን ጽፏል። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ፕላውደንም አጨዋወቱን መዝግቦታል፤ መጽሐፉ ከሞተ በኋላ በ1868 ታተመ። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ የጨዋታውን ታሪክ በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት አወጡት።

ልዩ የሚያደርገው አጀማመሩ ነው፤ "ወረራ" ይባላል። ተራ ብሎ ነገር የለም! የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል። ተራ በተራ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ስልካችሁ። እዚህ የካ ብዙዎቻችሁ የምትጫወቱበትን ሊቼስን ፈረንሳዊው ቲቦ ዱፕሌሲ በ2010 ጀመረው። ማስታወቂያ የለው፣ ክፍያ የለው፤ በልገሳ ይኖራል። በጎ ፈቃደኞች ኮዱን ያግዛሉ፣ ከ100 በላይ ወደሆኑ ቋንቋዎች ተርጉመውታል። ከመደበኛው ቼዝ ሌላ ስምንት ዓይነት አጨዋወት አለው። ሰንጠረዥ ግን የለበትም።

ቀላል ሥራ አይደለም። ሰርቨሩ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ የሚዳኘው "ተራው የማን ነው?" ብሎ ነው፤ ወረራ ደግሞ ይሄን ጥያቄ አያውቀውም። ግን ኮዱ ክፍት ነው። ማንንም ሳታስፈቅዱ ወስዳችሁ መለወጥ ትችላላችሁ፤ ግዴታው የለወጣችሁትንም ለሌላው ክፍት ማድረግ ነው።

የጨዋታችንን ሕግ እስካሁን በብዛት የጻፈልን የውጭ ሰው ነው። ኮዱን እንኳ እኛ እንጻፈው! ኮድ የምትጽፉ የድሮ ተማሪዎቼ፣ አደራ። ሰንጠረዥ የሚያውቁ አያት ያሏችሁ ደግሞ ቶሎ ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም እዚህ ጻፉልን።