ኃይሌ ያልገባበት ፓርላማ

በ1988 ዓ.ም. ክረምት ኃይሌ ገብረሥላሴ አትላንታ ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ መውሰዱን የሰማሁት ቢቸና፣ ከጎረቤታችን ሬድዮ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። መስከረም 15 ቀን 1993 ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድመው ደግሞ እኛ የሕክምና ተማሪዎች ቴሌቪዥን ፊት ተደርድረን ነበር። አብራችሁኝ የነበራችሁ ማን ወንበር እንደሰበረ ታስታውሳላችሁ፤ ስም አልጠራም።

ይኸው ኃይሌ በ2005 ዓ.ም. ለ2007ቱ ምርጫ በግል ተወዳድሮ ፓርላማ መግባት እንደሚፈልግ ተናገረ። ሐሳቡ እንግዳ አልነበረም። የቦስተን ማራቶን አሸናፊው ኬንያዊ ዌስሊ ኮሪር በዚያው ዓመት በግሉ ተወዳድሮ የአገሩን ፓርላማ ገብቶ ነበር።

እኔ ያን ጊዜ ሞጣ እሠራለሁ። ደስ ይላቸዋል ብዬ የኃይሌን ወሬ ለአንድ አዛውንት ታካሚዬ፣ ግፊታቸውን እየለካሁ ነገርኋቸው።

«ሮጦ ያሸነፈ ልጅ እዚያ ገብቶ ምን ሊሆን?» አሉኝ። «ልጄ፣ ያኔ ግብሩን ያጸደቁብን እኮ ተመራጭ የተባሉት ናቸው።»

ግፊታቸው ከፍ አለብኝ። ትንሽ አሳርፌ ደግሜ ስለካው ወረደ።

«ያኔ» ያሉት 1960 ዓ.ም. ነው። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ የወጣው አባላቱን ሕዝብ ይመርጥ በነበረው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት በኩል አልፎ ነው። የጎጃም ገበሬ ግን «ግብር» ሲባል የሰማው «ልኬት» ብሎ ነው፤ መሬት ከተለካ ርስት ይሄዳል ብሎ ሰጋ። ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት ተነሡ። ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላንም መጣ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሥተው ወደ ከፋ ተዛወሩ፤ መንግሥትም ግብሩን በግድ ከመሰብሰብ ተመለሰ። ሽማግሌው ኃይሌን አልናቁም። የገበሬውን ፍራቻ እዚያ አዳራሽ ውስጥ የሚናገር ሰው ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ በዐይናቸው ስላዩ ነው።

ኃይሌ በኋላ ሐሳቡን ቀየረ፤ በግንቦት 2007 አልተወዳደረም። 547ቱን መቀመጫ በሙሉ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱት። ፈራ ያሉ ነበሩ። እኔ ግን በ2000 ዓ.ም. ያደረገው ትዝ ይለኛል፦ አስም ስላለበት የቤጂንግ አየር ለሳንባዬ አይሆንም ብሎ ማራቶኑን ተወ፤ 10,000 ሜትሩን ብቻ ሮጠ። በወሩ በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2፡03፡59 ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። የት እንደማይሮጡ ማወቅም ሙያ ነው፤ ይህን ለታካሚዎቼ ለማስረዳት ስንት ዓመት ለፋሁ!

ለእኔ የኃይሌ እውነተኛ የፖለቲካ ፈተና ሌላ ቦታ ነው የመጣው። በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ስፖርት ነው አትበሉኝ፤ የክልልና የከተማ አስተዳደር ተወካዮች ድምፅ የሚሰጡበት ጉባኤ ፖለቲካ ካልሆነ ምን ይባላል? ለአትሌቱ ሲሟገት የኖረው ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ አቤቱታው ወደ እሱ ዞረ። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር፣ አትሌቶች ተቃውሞ ባሰሙበት ሰሞን፣ ዘመኑን ሳይጨርስ ለቀቀ፤ ደራርቱ ቱሉ ተተካች። ሩጫው ላይ ሰዓቱ ይፈርድለት ነበር። እዚህ አንዱን አትሌት ለቡድን ሲመርጡ የቀረው ይከፋዋል፣ ሁለቱም ደግሞ የሚያነሡት እውነት አላቸው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2013ቱ ምርጫ ዋዜማ ሦስት የሞጣ ሽማግሌዎች ቤቴ መጥተው «አንቺን ሰው ይሰማሻል፣ ተወዳደሪ» አሉኝ።

«አባቶቼ፣ ሰው እኔን የሚሰማኝ ሲያመው ብቻ ነው» አልኋቸው።

ሳቁ። ልክ ልሁን ልስነፍ እስካሁን አልለየልኝም። ቡናቸውን ጠጥተው፣ መርቀውኝ ተነሡ። አንደኛው በሩ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው፣ «በይ እንግዲያ ይቺን ጉልበቴን እይልኝ» አሉ።