ከካርቱም እስከ ሚዛኖ፦ ስፖርታዊ ጨዋነት የጎደለው ድርጊትና የፍትሐዊ ቅጣት መመዘኛዎች

መግቢያ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን ለተከሰሰ ሰው ከሚሰጣቸው ዋስትናዎች ሦስቱ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ናቸው። አንቀጽ 20 የይግባኝ መብትን ያረጋግጣል፤ አንቀጽ 22 የወንጀል ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ አንቀጽ 23 ደግሞ በአንድ ወንጀል ድጋሚ ቅጣትን ያግዳል። ድንጋጌዎቹ የተጻፉት ለወንጀል ፍርድ ነው። የስፖርት ዳኞችም ግን የሰውን ዝና፣ እንጀራና አንዳንዴም ዕድሜ ልክ የተለፋበትን ዋንጫ በአንድ ውሳኔ ይነጥቃሉ። ስለዚህ የእነዚህ ድንጋጌዎች መንፈስ በስፖርት የዲሲፕሊን ፍርድም ሊሠራ ይገባል የሚለው የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ነው። ሙግቱን በአንድ የአፍሪካ እግር ኳስ ጉዳይና በሦስት የሞተር ሳይክል ውድድር ጉዳዮች እንመረምራለን። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ካርቱም፣ 1957

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የካቲት 1957 በካርቱም ሲመሠረት ሱዳን፣ ግብፅ፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ ሊጫወቱ ተዘጋጅተው ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። የደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽን ወይ ነጮች ብቻ ወይ ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን እንደሚልክ አሳወቀ። ሌሎቹ አልተቀበሉትም፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ውጪ ሆነች። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜ የምትገጥማት እሷን ስለነበር ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ይህ ውሳኔ ጠንካራ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጥፋቱ ተለይቶ ታውቋል፤ ቅጣቱ ያረፈው ጥፋቱን በፈጸመው አካል ላይ ነው፤ ጥፋተኛው ምን ቢያስተካክል እንደሚመለስም ያውቃል። ቅጣቱ የሚጠብቀው ነገር የተጫዋቾች እኩልነት ነበር። በሞተር ሳይክል ውድድር የሚጠበቀው ደግሞ ሕይወት ራሱ ነው።

ሚዛኖ፣ 2018፦ አንድ ጥፋት፣ ሁለት ፍርድ

መስከረም 9 ቀን 2018 በጣሊያን ሚዛኖ በተካሄደው የሞቶ 2 ውድድር ሮማኖ ፌናቲ ከ200 ኪሎ ሜትር በሰዓት በሚበልጥ ፍጥነት እየጋለበ እጁን ዘርግቶ የስቴፋኖ ማንዚን የፊት ፍሬን ያዘ። በዚያ ፍጥነት የፊት ጎማ ቢቆለፍ ሞተረኛው ተወርውሮ መውደቁ አይቀርም። ፌናቲ በጥቁር ባንዲራ ከውድድሩ ወጣ፤ ዳኞቹም ሁለት ውድድር አገዱት። ማንዚም ቀደም ሲል ኃላፊነት በጎደለው አነዳዱ በሚቀጥለው ውድድር ከመነሻ ተርታው ስድስት ቦታ ወደ ኋላ እንዲሄድ ተወሰነበት። የፌናቲ ጉዳይ ግን በዚህ አላበቃም። ቁጣው በዓለም ሲቀጣጠል ቡድኑ ውሉን አፈረሰ፤ ዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽንም እገዳውን እስከ ዓመቱ መጨረሻ አራዘመው።

በእኔ ግምገማ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የተራዘመው እገዳ ከጥፋቱ ጋር ይመጣጠናል፤ ሁለት ውድድር ግን እጅግ ያንሳል። ሰውን ለሞት የሚዳርግ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ድርጊት፣ በፉክክር ግለት ከተፈጠረ ግጭት ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። ስህተቱ ትክክለኛው ቅጣት በመጀመሪያው ችሎት አለመሰጠቱ ነው። ከሕዝብ ቁጣ በኋላ የመጣ ሁለተኛ ቅጣት፣ ልኩ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ፍርዱ ከሕጉ ይልቅ ከጩኸቱ የመነጨ ያስመስለዋል።

ሴፓንግ፣ 2015፦ በቀን መቁጠሪያ የሚለዋወጥ ክብደት

ጥቅምት 25 ቀን 2015 በማሌዥያ ሴፓንግ ቫለንቲኖ ሮሲ ማርክ ማርኬዝን ወደ መም ጠርዝ ገፋው፤ ማርኬዝ ወደቀ። ሮሲ ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ነጥቡንም አልተነጠቀም። የተሰጠው ሦስት የቅጣት ነጥብ ነበር። በዚያው ዓመት በሚዛኖ ቀድሞ ከያዘው አንድ ነጥብ ጋር ሲደመር አራት ሆነ፤ በወቅቱ ደንብ አራት ነጥብ የሞላበት ተወዳዳሪ የሚነሳው ከሁሉም ኋላ ነው። የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ቅጣቱ እንዲታገድለት ያቀረበውን ጥያቄ ውድቅ አደረገ። ሮሲ በቀጣዩ የቫሌንሲያ ውድድር ከመጨረሻ ተነስቶ አራተኛ ወጣ፤ የዓለም ሻምፒዮናውንም በአምስት ነጥብ ልዩነት በሆርሄ ሎሬንዞ ተነጠቀ።

ሮሲ መቀጣት ነበረበት። ነገር ግን ያው ሦስት ነጥብ፣ የቀድሞው አንድ ነጥብ ባይኖር፣ በቫሌንሲያ ምንም ባላስከተለ ነበር። ቅጣቱ ጥፋቱ በተፈጸመበት ውድድር ውጤት ላይ ቢያርፍ ኖሮ ክብደቱ ከድርጊቱ ጋር በተያያዘ፣ ማርኬዝም ሮሲ የጥፋቱን ፍሬ ሲበላ ባላየ ነበር። ከ2016 ጀምሮ የዲሲፕሊን ዳኝነቱ ከውድድር አመራሩ ተለይቶ ለራሱ ጉባኤ መሰጠቱ ተገቢ እርምጃ ነው።

ፖርቲማኦ፣ 2023፦ የወጣ ፍርድ አይሸራረፍም

መጋቢት 26 ቀን 2023 በፖርቱጋል ማርኬዝ ራሱ ሚጌል ኦሊቬራን ገጭቶ ጣለ። ዳኞቹ በአርጀንቲናው ውድድር ሁለት ጊዜ በረጅሙ የቅጣት መታጠፊያ እንዲያልፍ ወሰኑ። እሱ ግን ተጎድቶ ስለነበር በአርጀንቲና አልተወዳደረም። በዚህ ጊዜ ዳኞቹ ውሳኔያቸውን ቀይረው ቅጣቱ በሚመለስበት ውድድር ይፈጸም አሉ። ቡድኑ ይግባኝ ጠየቀ፤ የይግባኝ ችሎቱም ለማርኬዝ ፈረደ፤ ቅጣቱም ቀረ።

ብዙዎች ጥፋተኛ አመለጠ ብለው ተቆጡ። ኦሊቬራም ጉዳቱን ተሸክሞ ቀረ። ቢሆንም ይግባኙ ትክክል ነበር። ዳኛ በጽሑፍ ያወጣውን ፍርድ ውጤቱ ስላልጣመው ማክበድ ከቻለ፣ ማንም ተወዳዳሪ ፍርዱ የት እንደሚያበቃ አያውቅም። መፍትሔው ደንቡን ለወደፊቱ ማስተካከል እንጂ ያለፈውን ፍርድ መቀየር አይደለም።

ማጠቃለያ

ከእነዚህ ጉዳዮች አራት መመዘኛዎች ይወጣሉ። ቅጣቱ ድርጊቱ ከመፈጸሙ በፊት ተጽፎ የታወቀ ይሁን። ሆን ብሎ የሰውን ሕይወት አደጋ ላይ የጣለና ተሳስቶ የገጨ አንድ አይሁኑ። በተቻለ መጠን ቅጣቱ በዚያው ውድድር ውጤት ላይ ይረፍ። አንድ ጥፋት አንድ ጊዜ ብቻ ይፈረድበት፤ ለዚያም ከመጀመሪያው ዳኛ ነፃ የሆነ ይግባኝ ይኑረው።

በአገራችን ያሉ የስፖርት ፌዴሬሽኖች የዲሲፕሊን ደንባቸውን በእነዚህ አራት ነጥቦች እንዲፈትሹ አሳስባለሁ። ደንቡ መፈተሽ ያለበት ዛሬ፣ ጥፋተኛው ማን እንደሚሆን ሳይታወቅ ነው። ስሙ ከታወቀ በኋላ የሚጻፍ ደንብ ወይ ለወዳጅ ያደላል፣ ወይ በባላጋራ ላይ ይከብዳል።