እፍ

አክስቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ እሳት እፍ ሲሉ ኖረዋል። ጉለሌ ውስጥ በቆርቆሮ በተሠራች ጠባብ ማድ ቤት፣ ጉልቻ ላይ በተጣደ ምጣድ፣ ለእኛም ለጎረቤትም እንጀራ ይጋግሩ ነበር። እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል እሺ ብሎ አይነድምና ጎንበስ ብለው እፍ ይላሉ፤ ጭሱ ፊታቸው ላይ ይመለሳል፤ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገው ደግመው እፍ። ሲጋራ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ከሦስት ዓመት በፊት ሐኪሙ መሣሪያ አስነፍቷቸው ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም መሆኑን ሲነግራቸው፣ "እኔ እኮ ያጨስኩት እንጀራ ነው" አሉት።

እኔ ኮሎራዶ ውስጥ አውሮራ በምትባል ከተማ ታክሲ እነዳለሁ። አውሮራ ከዴንቨር ጋር የተያያዘች፣ ሐበሻ የበዛባት ከተማ ነች። ከቋሚ ደንበኞቼ ብዙዎቹ አፍንጫቸው ላይ ቀጭን ቱቦ ያደረጉ፣ ኦክስጅናቸውን ታቅፈው የሚሳፈሩ አዛውንት ናቸው። እነሱን ሳመላልስ ነው የአገሩን ታሪክ ያወቅሁት። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋቸዋለሁ።

ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ ነች፤ ለጉለሌ ልጅ ቆላ በሏት። ለምሥራቅ አሜሪካ ሰው ግን ተራራ ነበረች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደረቅ አየሯና ፀሐይዋ የሳንባ ነቀርሳን ያድናሉ እየተባለ ሕሙማን በባቡር ይጎርፉባት ነበር። ብዙዎቹ ሲደርሱ ኪሳቸው ባዶ ነው። ለእነዚህ ድሆች የተሠራው የናሽናል ጂዊሽ ሆስፒታል ሕንፃ የ1893ቱ የገንዘብ ቀውስ ስለደረሰበት ለዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ፣ በ1899 በነጻ ሊያክም ተከፈተ። አውሮራ ውስጥ ደግሞ በ1918 የአሜሪካ ጦር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳንባቸው ለታመመ ወታደሮች ሆስፒታል ሠራ። ዛሬ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ግቢ ያለው እዚያው ቦታ ላይ ነው። እኔም በቀን አራት አምስት ጊዜ በሩ ላይ እቆማለሁ።

የዚያን ጊዜ ዋናው ሕክምና መተኛት ነበር። ጀርመናዊው ሄርማን ብሬመር ሕሙማኑን ዳገት ያስወጣ ነበር፤ ደቀ መዝሙሩ ፔተር ዴትቫይለር ግን በ1876 ፋልከንሽታይን ላይ የራሱን ማገገሚያ ቤት ከፍቶ በረንዳ ላይ አጋደማቸው። ዓለም የደቀ መዝሙሩን መንገድ ተከተለ። እዚህም አልጋ በክረምት ሳይቀር ወደ በረንዳ ይወጣ ነበር። ቻርልስ ዴኒሰን የተባለ የዴንቨር ሐኪም በ1895 የሳንባ ሕሙማን ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ የሚመክር መጽሐፍ አሳተመ፤ ብዙ ሰሚ ግን አላገኘም።

በ1940ዎቹ የነቀርሳ መድኃኒት ተገኘና በረንዳዎቹ ባዶ ቀሩ። የመተኛት ልማድ ግን ከበሽታው ጋር አልሄደም፤ በሲጋራና በጭስ ሳንባቸው ለተጎዳ ሰዎች ተላለፈ። ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ከወንበር አይነሳ ተባለ። የማይሠራ እግር ይመነምናል፤ የመነመነ እግር ለትንሽ ሥራ ብዙ አየር ይጠይቃል፤ አየሩ ሲያጥር ሰውየው ይበልጥ ይቀመጣል። አክስቴም ሳይታወቃቸው የገቡበት አዙሪት ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ገበያ መሄድ ቀረ፣ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን፣ በመጨረሻም ግቢ መውጣት።

አዙሪቱን በይፋ ከተቃወሙት አንዱ የኒው ዮርኩ አልቫን ባራክ ነው። በ1952 ሕሙማን ኦክስጅን ይዘው ቢራመዱ አቅማቸው እንደሚጨምር ጻፈ። ነገሩን ሥርዓት ያስያዙት ግን እዚሁ ዴንቨር ያሉ ሰዎች ናቸው። በ1960ዎቹ ሐኪሙ ቶማስ ፔቲና ባልደረባው ሉዊዝ ኔት በትከሻ የሚንጠለጠል የፈሳሽ ኦክስጅን መያዣ ለሕሙማን አሸክመው፣ ከወንበር አስነስተው አስኬዷቸው፤ አተነፋፈስም አስተማሯቸው። ውጤቱን በ1969 አሳተሙ። ዛሬ የሳንባ ተሃድሶ የምንለው ሕክምና ቅርጽ የያዘው ያኔ ነው። ተሃድሶው የሞተ ሳንባ አያስነሳም፤ እግር በትንሽ አየር ብዙ እንዲሠራ ያለማምዳል።

እኔ የገባሁት እዚህ ላይ ነው። የተለመደው ተሃድሶ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ስምንት ሳምንት ያህል ይወስዳል። አንድ የባቡር ሥራ ጡረተኛ ደንበኛ ነበረኝ። ሲጀምር ከታክሲው በር እስከ ሆስፒታሉ በር ሁለቴ ቆሞ ያርፍ ነበር፤ በአራተኛው ሳምንት ሳያርፍ መግባት ጀመረ። ከዚያ በረዶ ወረደ፣ ልጁ ሥራ ገባ፣ አንድ ቀን ቀረ፣ ሁለት ቀን ቀረ። ልወስደው ደውዬለት "መኪና ውስጥ መግባትና መውጣቱ ከስፖርቱ ይበልጥ ያደክመኛል" አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። መድኃኒቱ ሠርቶለት ነበር፤ ያቃተው መንገዱ ነው።

ይህን መንገድ ለማሳጠር ስልክ የተሞከረው ቀደም ብሎ ነው። በ2008 የታይዋን ሐኪሞች ያሳተሙት ሥራ እኔን በጣም ያስገርመኛል። በ48 ሕሙማን ላይ በተደረገው ጥናት፣ አንደኛው ቡድን ስልኩ ላይ ሙዚቃ ተጭኖለት በምቱ ልክ ቤቱ አካባቢ ይራመድ ነበር። በየወሩ አቅሙ ተለክቶ የሙዚቃው ፍጥነት ይስተካከላል። የስልኩ ቡድን ረጅም ርቀት መሄድ ቻለ። ከዚያ ስልኩ ራሱ እርምጃ የሚቆጥር፣ ፊት ለፊት የሚያነጋግር ሆነ። በ2020 የዴንማርክ ተመራማሪዎች 134 ሕሙማንን ለሁለት ከፍለው፣ ግማሹን ሆስፒታል፣ ግማሹን ቤቱ በስክሪን ፊት በቡድን አሠሩ፤ በእግር ጉዞ ፈተናው ልዩነት አልታየም። በዚያው ዓመት ኮቪድ የተሃድሶ ክፍሎችን ሲዘጋ የርቀቱ መንገድ ግዴታ ሆነ። በ2021፣ 15 ጥናቶችንና 1,904 ሰዎችን ያጠቃለለ የኮክሬን ግምገማ የርቀቱ ተሃድሶ ውጤት በአካል ከሚሰጠው ጋር ተቀራራቢ መሆኑን አሳየ፤ ማስረጃው ገና ውስን ነው ብሎም አስጠነቀቀ። እኔን የነካኝ አንድ ቁጥር ነው፤ በርቀት ከጀመሩት 93 በመቶው ሲጨርሱ፣ ከተመላላሾቹ የጨረሱት 70 በመቶ ናቸው። ገበያዬን የሚወስድ ቁጥር ቢሆንም ደስ አለኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ ጥቁር አንበሳ የሳንባ ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የጀመረው በ2013 ነው። አክስቴን ያየው ሐኪም መርምሮ፣ መድኃኒት አዞ፣ "ይራመዱ፤ ደረትዎን ካመመዎ ወይም ካዞረዎ ያቁሙ" ብሎ ሸኛቸው። ማን ያራምዳቸው? የእህቴ ልጅ ስልኳን የግቢው የውኃ ሮቶ ላይ ታስደግፋለች። እዚያ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን እዚህ ከምሽቱ 5 ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ እየጠበቅሁ እደውላለሁ።

"እትዬ፣ እንዴት አደሩ? ጣትዎን ያሳዩኝ።"

ጣታቸውን የቆነጠጠችውን የኦክስጅን መለኪያ ወደ ካሜራው ያስጠጋሉ። ከዚያ ከግቢው በር እስከ ሮቶው 15 ሜትር ይመላለሳሉ፤ መሐል ላይ በርጩማ አለ። የስዊድኑ ጉናር ቦርግ ያወጣውን ከ0 እስከ 10 የድካም መለኪያ በራሳቸው ቋንቋ ተርጉመውታል፤ 3 "ቡና እየወቀጥኩ" ነው፣ 5 "እንጦጦ ዳገት ግማሽ"፣ 7 ሲደርስ መቀመጥ። መጀመሪያ ቀን በስድስት ደቂቃ 11 ጊዜ ሄዱ፤ አሁን 18 ደርሰዋል። ሐኪም ቤት የሚለካው በ30 ሜትር ኮሪደር ስለሆነ የእኛ ቁጥር ከዚያ ጋር አይመሳከርም፤ ከራሳቸው ከትናንቱ ጋር ብቻ ነው። ሙሉ ተሃድሶም አይደለም፤ ባለሙያ የሚመራው የጡንቻ ሥራና ትምህርት ይጎድለዋል። ኔትወርክ ሲቋረጥ ደግሞ የሚታየኝ የበርጩማው ግማሽ ብቻ ነው።

ትንፋሽ ሲያጥራቸው የሚያደርጉትን ሳስተምራቸው፣ በአፍንጫ ስበው፣ ከንፈር አሞጥሙጠው፣ ከሳቡበት እጥፍ በሚረዝም ጊዜ ቀስ ብለው እንዲያወጡ ነገርኳቸው። እንዲህ ሲደረግ ቀጫጭኖቹ የአየር ቧንቧዎች ቶሎ አይዘጉም፤ የታመቀው አየር ይወጣል። አንዴ ሞከሩትና ሳቁ።

"ይሄማ እፍ ነው! ልጄ፣ ይሄን ለእኔ ታስተምራለህ?"

ውጭ የምንኖር ሰዎች ለወላጆቻችን እንደውላለን፤ ገንዘብ ደረሰ ወይ፣ መድኃኒት አልቋል ወይ እንላለን። ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ያላችሁ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ "ዛሬ ስንት ተመላለሱ?" በሉ። መልሱ እስኪመጣም ስልኩን አትዝጉ።