አዱኛ ብራድፎርድ እንዴት ገባ

ለንደን ከገቡ ጥቂት ዓመት የሆናቸው ወጣት አበሾች ስለ ኮሚዩኒቲ ዳንስ ሲያወሩ የእንግሊዝ ርስት ያስመስሉታል። ዳንሰኛ እስር ቤት ገብቶ ወርክሾፕ ሲመራ አይተዋል፤ መሪው ራሱ ስልጠና እንዳለው፣ የሚያማክረውና የሚያግዘው ባልደረባ እንዳለው ሰምተዋል። «ፈረንጅ እኮ ሁሉን በሥርዓት ነው» ይላሉ። ከ30 ዓመት በፊት ለንደን የከተሙት ይህን ሲሰሙ ቡናው ይቀዘቅዝባቸዋል። የነገሩ አንዱ ወፍራም ሥር ያለው አዲስ አበባ ነዋ!

የዓመታቱ ነገር፣ ሌሎች እንደጻፉት፣ በአጭሩ ይህ ነው (ቁጥሩ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር)። የሕፃናት ሐኪሟ ዶክተር ካርሜላ ግሪን አባተ መንታ የወለዱ ድሃ ቤተሰቦችን የሚረዳውን ጀሚኒ ትረስት በ1983 መሠረቱ። በ1996 እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም 100 ያህል የጎዳናና የችግረኛ ቤተሰብ ልጆችን ሰብስቦ በካርል ኦርፍ «ካርሚና ቡራና» አስደነሰ። ከእነሱ 18ቱ ተመርጠው አዱኛ ኮሚዩኒቲ ዳንስ ቲያትር ተባሉ።

ስልጠናቸው 5 ዓመት የፈጀ ነው። ከማልዱም ጋር አብራ የሠራችው ማግስ በርን ነበረች፤ የቪዲዮ ሥራውን የያዘው ደግሞ አንድሩ ኮጊንስ። ልጆቹን ከሌላው የዳንስ ቡድን የለያቸው አንድ ነገር ነው፤ መድረክ ላይ ሊታዩ ብቻ ሳይሆን ሌላውን ሊያስተምሩ ነበር የታሰቡት። ራሳቸው ገና እየተማሩ የጎዳና ልጆች ፊት ቆሙ። ከዚያ ኋላ፣ ካንዶኮ የተባለውን የአካል ጉዳተኞችና የሌሎች ዳንሰኞች የጋራ ቡድን በ1991 ከመሠረቱት አንዱ የሆነው አዳም ቤንጃሚን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ አብሯቸው ሠራ፤ አካል ጉዳተኛ ወጣቶች የሚደንሱበት አዱኛ ፖቴንሺያልስም ተወለደ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ጥሩ ተወዛዋዥ መሆንና 30 የሚረብሹ ልጆችን ዝም አሰኝቶ ማስጀመር ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። የማልዱም አካሄድ ጥብቅ ነው፤ ወሬ የለም፣ ሣቅ የለም፣ «ምስኪን ናቸው» ብሎ ማባበልም የለም። ይህን የሚሸከም መሪ ብቻውን ከቆመ ወይ ጨካኝ ይሆናል ወይ ይሰለቻል። 18 ሰው አምስት ዓመት አብሮ ሲላብ ግን ማን ቶሎ እንደሚቆጣ፣ ማን ጠባየ ቀና እንደሆነ፣ ማን ዛሬ መተካት እንዳለበት ያውቃል። እንግሊዞቹ ዛሬ ለእንዲህ ያለ መተዋወቅና መደጋገፍ ብዙ ስብሰባ ይጠራሉ።

በ2000 እነ ማልዱም፣ በርንና ኮጊንስ ከኢትዮጵያው ሥራ ተነስተው ዳንስ ዩናይትድ የተባለውን ድርጅት በእንግሊዝ አቋቋሙ። ድርጅቱም በ2006 ብራድፎርድ ላይ አካዳሚ ከፈተ፤ ወንጀል ውስጥ የገቡ ወጣቶች ፍርድ ቤት ያዘዘባቸውን በሳምንት 25 ሰዓት ቁጥጥር ለ12 ሳምንት በዳንስ የሚያሟሉበት ነበር። ማግስ በርን ቤልፋስት ላይ ሥራውን ቀጠለች። ማልዱምም በ2003 በርሊን ውስጥ ሳይመን ራትል ይመራው ከነበረው ኦርኬስትራ ጋር 250 ልጆችን በስትራቪንስኪ ሙዚቃ አስደነሰ፤ ስለዚሁ ሥራ በዓመቱ የወጣው ፊልም ስሙን ዓለም ሁሉ እንዲያውቀው አደረገ። ፊልሙን ያየ ጀርመናዊ የአዲስ አበባዎቹን ልጆች ከየት ያውቃቸዋል?

ጠቡ የሚነሳው እዚህ ነው። በሰሜን ለንደን የአበሻ ምግብ ቤቶች ይህ ወሬ ከተነሳ ሦስት ወገን ይፈጠራል። አንደኛው ፈረንጆቹ ባይመጡ ምንም አይኖርም ይላል። ሁለተኛው፣ አብዛኛውን ጊዜ የድሮ የቲያትር ቤት ሰው፣ «ሀገር ፍቅር ቲያትር በ1935 ሲቋቋም ማልዱም የት ነበር?» ብሎ ጠረጴዛ ይመታል። ሦስተኛው ወገን አንዲት ሴት ናቸው።

ሴትዮዋ የመሐል ሜዳ ልጅ ናቸው፤ ሁሉም እትዬ ይሏቸዋል። ከአዱኛም ሆነ ከዳንስ ዩናይትድ በፊት፣ ሌሊት ቢሮ ሲያጸዱ አድረው ቅዳሜ ጠዋት በተከራዩት አዳራሽ ለአበሻ ልጆች እስክስታ ያስተምሩ ነበር። «እኔን ማን አሠለጠነኝ? መንዝ ሠርግ ላይ አይደል ያየሁት፤ ትከሻ ያለው ተማረ፣ የሌለው አጨበጨበ» ይላሉ። ሠርግ ላይ ግን አስተማሪው መንደሩ ሁሉ ነው፤ ለንደን ላይ ብቻቸውን ነበሩ። ልጅ ወድቆ እግሩ ሲወለም የሚጠየቁት እሳቸው፣ የአዳራሹ ቁልፍ ሲጠፋ የሚከፍሉት እሳቸው፣ ወላጅ «ልጄን ፈረንጅ ዳንስ ታስተምሩብኛላችሁ እንዴ?» ብሎ ሲቆጣ የሚያስታርቁት እሳቸው። ገንዘብ ለማግኘት ቅጽ ሲሞሉ የአስተማሪ የምስክር ወረቀት ተጠየቁ። ያን ቅጽ የሞላሁላቸው እኔ ነኝ፤ መልሱ ከወራት በኋላ በአንድ መስመር ደረሰ።

በመጋቢት 2009 ግን ሁሉም ጠቡን ረስቶ ነበር። ሥሩ ከ1683 የሚቆጠረው ሳድለርስ ዌልስ ቲያትር «ዴስቲኖ» የተባለውን የዳንስ ትርዒት አቀረበ። ከአዱኛ የወጡት ጁናይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ ከብዙ የለንደን አማተር ደናሾች ጋር መድረክ ላይ ነበሩ፤ ራስል ማሊፋንትና ሆፌሽ ሼክተር የዳንስ ሥራ አበርክተውላቸዋል። ጁናይድ ከዚያ ቀደም በ2004 በሮሌክስ የጥበብ ፕሮግራም በጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ሥር ለመማር ተመርጦ ነበር። ያን ምሽት አዳራሹን የሞላው አበሻ ብቻ እንደነበረ የሚያወሩ አሉ፤ ያልነበሩት ደግሞ አብዝተው ያወራሉ። ያ ጠረጴዛ የሚመታው የድሮ የቲያትር ቤት ሰው እስከ ዛሬ ያዱኛን ልጆች «የኛ ተማሪዎች» ይላቸዋል።

ሁለቱ ዳንሰኞች ዴስቲኖ የተባለውን ቡድናቸውን ያቋቋሙት አዲስ አበባ ነው፤ እዚያም አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን አሠልጥነዋል። የለንደን አበሻ የኮራባቸው ከሩቅ ሆኖ ነው። በብራድፎርድ ወንጀል ውስጥ የገባ ልጅ ያገኘውን የሠለጠነ መሪ የቅዳሜው ክፍል አላገኘም፤ ከአንድ ሀገር የተነሳው ሥራ ለዚያው ሀገር ልጆች በስደት ሳይደርስ መቅረቱ ያንገበግባል። ኃላፊው አንድ ሰው አይደለም። እኛም ስንጨቃጨቅ ከርመን ከማንም ጋር ሳንቀመጥ ቀርተናል።

እትዬ አሁን ጉልበታቸው ደክሟል። ክፍሉን ሁለት ወጣት ሴቶች ተረክበውታል፤ አንዷ ስትመራ ሌላዋ ታያለች፣ ከዚያ ትምህርቱ ሲያልቅ ጫማ ሳያደርጉ ይጨቃጨቃሉ። ሦስተኛ ሰው ይፈልጋሉ፤ ቅዳሜ ጠዋት ነጻ የሆነና ቅጽ መሙላት የማይሰለቸው።