ባትሪው ሳያልቅ



የዛሬው ጽሑፋችን ከልጆች መጫወቻ ይነሳል። የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ ጌም ቦይ የተባለውን በእጅ የሚያዝ መጫወቻ በ1989 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረበ። ያኔ በእርሱ የተጫወቱ ልጆች ዛሬ ራሳቸው አባትና እናት ሆነዋል። አንዳንዶቹም የድሮ ካሴታቸውን ከሳጥን አውጥተው ሲሰኩት፣ በልጅነታቸው ያስቀመጡት ሁሉ ጠፍቶ ያገኙታል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ካሴቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሜሞሪ አለ። በአንደኛው ላይ ጨዋታው ራሱ በፋብሪካ ተጽፏል፤ ኤሌክትሪክ ኖረም አልኖረም አይጠፋም። በሁለተኛው ላይ የሚቀመጠው ልጁ የደረሰበት ደረጃ፣ ስሙና የሰበሰበው ነገር ነው። ይህኛው ያለ ኤሌክትሪክ መቆየት አይችልም። ስለዚህ ሴቭ በሚያደርጉ ብዙ የዚያ ዘመን ካሴቶች ውስጥ ሳንቲም የምታህል 3 ቮልት ባትሪ ተበይዳለች። መጫወቻው ሲጠፋ መዝገቡን የምትጠብቀው እርሷ ናት። በ1999 እ.ኤ.አ. በጃፓን የወጡት የፖክሞን ጎልድና ሲልቨር ካሴቶች ደግሞ ሰዓትም ስላላቸው ባትሪያቸው ቶሎ ያልቃል።

ልብ እንበል፤ ባትሪዋ ስትሞት ጨዋታው አይቆምም። መጫወቻው እስከበራ ድረስ ኃይል የሚሰጠው እርሱ ስለሆነ ልጁ ቀኑን ሙሉ ይጫወታል፣ ሴቭ ያደርጋል፣ ምንም የጎደለ አይመስለውም። ጉድለቱ የሚታወቀው ጠፍቶ ሲበራ ነው። ጨዋታው እንዳለ አለ፤ የተጓዘው መንገድ ግን የለም።

መጽሐፈ መሳፍንት 2፥10 ላይ የምናነበውም ይህንኑ ይመስላል። ኢያሱና የእርሱ ዘመን ሰዎች ካለፉ በኋላ ጌታንም፣ እርሱ ለእስራኤል ያደረገውንም የማያውቅ ትውልድ ተነሳ። ሕጉ አልጠፋም ነበር። የጠፋው ከአባት ወደ ልጅ መተላለፍ የነበረበት ምስክርነት ነው።

አሁን ወደ ወለጋችን እንምጣ። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተሰርቆ ከተሸጠ በኋላ በ1870 እ.ኤ.አ. ምፅዋ ላይ ነጻ ወጣ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጎም ሲነሳ ችግር ገጠመው፤ ከአገሩ የወጣው ገና ሕፃን ሳለ ስለነበረ የቋንቋው ሀብት አነሰው። ይህን ክፍተት የሞላችው እርሷም ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ ናት። በአእምሮዋ የያዘችውን ቃላት፣ ተረትና ዘፈን በወረቀት አሰፈረች። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። ሁለቱም በ1904 እ.ኤ.አ. ነቀምቴ ገብተው ማስተማር ጀመሩ። እንግዲህ አስቡት፤ አንዲት ሴት ከቤተሰቧ የሰማችውን ባትጽፈው ኖሮ፣ ምን ያህሉ ከእርሷ ጋር ይቀበር ነበር?

አባቶቻችን ባትሪ የሚሉትን ነገር ያወቁት በሬድዮ ነው። ብሥራተ ወንጌል በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ማሰራጨት ሲጀምር፣ መብራት ባልደረሰበት ገጠር ቃሉ የሚሰማው በባትሪ ድንጋይ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ትንሽ ያገግምና ያሰማል። መጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ጣቢያውን ወረሰ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ ቦጂ ተወልደው ነቀምቴ ያገለገሉት አባታችን፣ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገደሉ። በወለጋ ከተሞችና ገጠሮች በርካታ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ።

በዚያን ጊዜ ምስክርነቱ እንዴት ተረፈ? የድሮ ካሴት ባትሪ የሚቀይሩ ባለሙያዎች የሚያደርጉት ነገር እዚህ ላይ ይረዳናል። እየደከመች ያለችውን ባትሪ ዝም ብሎ የነቀለ መዝገቡን ያጠፋል። ስለዚህ አስቀድመው መዝገቡን ወደ ሌላ ቦታ ይገለብጡታል፤ ወይም ባትሪው እስኪቀየር ድረስ ከሌላ ምንጭ ኃይል ይሰጡታል። የቤተ ክርስቲያን በር ሲታሸግም ምእመናን በየቤቱ ተሰብስበው ጸለዩ፤ መዝሙሩ በቃል፣ ቃሉ በልብ ተያዘ። የቄስ ጉዲና ባለቤት ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ወደ 10 ዓመት ታስረው ወጡ። ታሪካቸው ዛሬ በመጽሐፍ የሚነበበው እርሳቸው ስለተናገሩና ጠይቆ የጻፈ ሰው ስለተገኘ ነው።

ነገር ግን ስማቸው ያልታወቀ ስንቶች አሉ? በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲ፣ በደምቢ ዶሎ ያን ዘመን ያለፉ እናቶችና አባቶች ዛሬ በዕድሜ ገፍተዋል። እሁድ እሁድ ጉባኤያችን ሞቅ ያለ ነው፤ መዝሙሩም ድምፅ ማጉያውም አለ። መጫወቻው በርቷልና ምንም የጎደለ አይመስለንም። አንድ አዛውንት በቀበርን ማግስት ግን ያልጠየቅነው ጥያቄ ትዝ ይለናል።

ሌላም አለ። የኦነሲሞስ መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው በግዕዝ ፊደል ነው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በቁቤ የተማሩ ልጆቻችን ብዙዎቹ የአያታቸውን መጽሐፍ ከፍተው ማንበብ አይችሉም። መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ አለ፤ የሚያነብላቸው ሰው ግን ያስፈልጋል።

ስለዚህ ወገኖች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ ከአንድ አዛውንት ጋር ተቀምጠን ጌታ ያደረገላቸውን በስልካችን እንቅዳ። ሁለተኛ፣ የቀዳነውን በአንድ ስልክ ላይ ብቻ አንተወው፤ በወረቀትም እንጻፈው፣ ለሌላ ሰውም እንስጥ። ሦስተኛ፣ በቤት ጸሎታችን ለልጆቻችን እንንገራቸው። ኢያሱ 4 ላይ ከዮርዳኖስ የወጡት 12 ድንጋዮች የቆሙት ልጆች እንዲጠይቁ ነው፤ ለጥያቄው መልስ የሚሰጥ ግን አባት ነው።

ጌታን ገና ለምትፈልጉ ወዳጆቻችንም አንድ ቃል አለን። የእኛ ትዝታ ይደክማል፤ መዳናችን ግን በእኛ ትዝታ ላይ አልቆመም። እናት ልጇን ብትረሳ እንኳ እግዚአብሔር እንደማይረሳ በኢሳይያስ 49 ተጽፏል። ስማችሁን በእርሱ ዘንድ የሚጠብቅ ባትሪ አያስፈልግም። ዛሬ ብትመጡ ይቀበላችኋል።

ጌታ የአባቶቻችንን ምስክርነት በእጃችን ያጽና። ተባረኩ።