መንበሩ የተነሣበት ከተማ፤ ደብረ ማርቆስ ከጠቅላይ ግዛት እስከ ዞን



ዛሬ የተገናኘነው እዚህ ኦሎምፒያ፣ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። በዚህ መንገድ ላይ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢዘጋ የሚያስተውለው ሰው ጥቂት ነው። ታፔላው ይነሣል፤ ብዙም ሳይቆይ ባንክ ወይም ካፌ ይገባበታል፤ ባለጉዳዩም ታክሲ ይዞ አዲሱን አድራሻ ያፈላልጋል። አዲስ አበባ ሰፊ ናትና ጉድለቷ አይታይም። በትንሽ ከተማ ግን መሥሪያ ቤት ሲዘጋ የሚጎድለው ቢሮ ብቻ አይደለም። ቤት አከራዩ፣ ሻይ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ በዛፍ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚውለው ራፖር ጻፊ፣ ሁሉም በአንድ ወር ውስጥ ያውቁታል። የዛሬው ንግግሬ ይህ ስለ ደረሰባት ስለ ደብረ ማርቆስ ነው።

ከቃሉ ልጀምር። «ከተማ» በጥንቱ አማርኛ የንጉሥ ወይም የጦር አለቃ ሰፈር ማለት ነበር። አለቃው ሲነሣ ከተማውም አብሮ ይነሣል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ትተው ደብረ ታቦርንና መቅደላን መረጡ፤ ምኒልክ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። በዚህ ዐይን ሲታይ የመንግሥት መቀመጫ መዛወሩ ለታሪካችን እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሆነው ድንኳኑ በቆርቆሮ ቤት፣ ሠራዊቱ በደመወዝተኛ ከተተካ በኋላም የድንኳኑን ልማድ መቀጠላችን ነው።

ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር። በ1873 ዓ.ም. የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው የነገሡት ተክለ ሃይማኖት መቀመጫቸው አደረጓት፤ የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያንም ስሙን ሰጣት። በዚያ ዘመን ግብሩም ፍርዱም ያለው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ነበር። ገዥውና መሥሪያ ቤቱ አልተለያዩም። ልጃቸው ራስ ኃይሉ በ1924 ዓ.ም. ከሥልጣን ተነሥተው ራስ እምሩ ሲሾሙ የጎጃም የራሱ ቤት አገዛዝ አበቃ፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው ገዥ ሁሉ ከአዲስ አበባ የተላከ ነው። በነጻነቱ ዘመቻ ጊዜ ደግሞ ከተማዋ ለጥቂት ሳምንታት ከጠቅላይ ግዛት መቀመጫነት በላይ ሆና ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ገብተው፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ እስኪደርሱ ድረስ ከነበሩት ቀናት አብዛኛውን ያሳለፉት እዚያ ነው።

ቢሮ የምንለው ነገር በትክክል የገባው ከዚያ በኋላ ነው። በ1934 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው የአገር አስተዳደር ድንጋጌ አገሪቱን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃና በወረዳ አደራጀ። ድንጋጌው ሲነበብ ደረቅ ነው፤ ያመጣው ለውጥ ግን ከብዙ ጦርነት ይበልጣል። ገዥው ከአገሩ ግብር የሚበላ መሆኑ ቀርቶ ደመወዝተኛ ሆነ፤ ግብሩ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ግምጃ ቤት እንዲገባ ታዘዘ። ከገዥው ጎን የየሚኒስቴሩ ሹማምንት ተቀመጡ፤ የገንዘቡ፣ የፍርዱ፣ የፖሊሱ፣ የትምህርቱ። ደብረ ማርቆስን የዘመናዊ ከተማ መልክ ያስያዟት እነዚህ ደመወዝተኞች ናቸው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ፋብሪካ አልነበራትም፤ ምርቷ ደብዳቤ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ናፍቆት እንዳያታልለን እጠነቀቃለሁ። የጎጃም ገበሬ ያን መሥሪያ ቤት አልወደደውም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲታወጅ ቢቸና፣ ሞጣ፣ ደጋ ዳሞት ተነሡ። ገበሬው የፈራው የብሩን መጠን ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ ከተለካና ከተመዘገበ ርስቱ ከእጁ የሚወጣ መሰለው። የመንግሥት ጦር ዘምቶም ዐመፁ ስላልበረደ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ያ ገበሬ «ቢሮው ይዘጋላችሁ?» ተብሎ ቢጠየቅ ምን ይመልስ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ይሁንና አቤቱታ ሲኖረው በእግሩም በበቅሎም የሚደርስበት ደጅ ያው ደብረ ማርቆስ ነበር። ሰው የሚጠላውን ደጅ እንኳ በቅርብ ይፈልገዋል፤ ይህን ተቃርኖ ሳንይዝ ከዚያ በኋላ የመጣውን ቅሬታ አንረዳውም።

መቀመጫዋ የተነሣው በአንድ ቀን አይደለም። በ1980 ዓ.ም. የኢሕዲሪ ብሔራዊ ሸንጎ አገሪቱን እንደገና ሲከፋፍል ጎጃም ክፍለ ሀገር ምዕራብ ጎጃም፣ ምሥራቅ ጎጃምና መተከል ሆነ፤ ባሕር ዳር የምዕራቡን ስትይዝ ደብረ ማርቆስ ምሥራቁ ቀረላት። የሽግግሩ መንግሥት በ1984 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 7 ደግሞ ክልሎች ተቋቋሙ፤ የአማራው ክልል መቀመጫ ባሕር ዳር ሆነች። እኔ ከሁሉ በላይ ወሳኝ ነው የምለው ግን ብዙ ያልተወራለትን የ1985ቱን አዋጅ ቁጥር 41 ነው። የማዕከላዊና የክልል አስፈጻሚ አካላትን ሥልጣን የለየው እርሱ ነው። የማዕከሉ ሚኒስቴሮች በየክፍለ ሀገሩ የነበራቸው እጅ በአብዛኛው ወደ ክልል ቢሮዎች ተዛወረ። ሚኒስቴር በአዲስ አበባ፣ ቢሮ በባሕር ዳር ቀረ፤ ለደብረ ማርቆስ የተረፋት የዞን መምሪያ ነው። ሥልጣንን ወደ ሕዝብ ለማቅረብ የታሰበ ሥርዓት ለአንዳንዱ ሕዝብ ደጁን አራቀበት። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አዲስ አበባ ወደ 300።

ይህ ለምን ሆነ? ብዙ ጊዜ የምሰማው መልስ ከተማዋ ተቀጣች የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ሚዛኑ ያጋደለው ከ1984 ዓ.ም. እጅግ ቀድሞ ነው። ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋን በ1953፣ ፖሊቴክኒኳን በ1955 ዓ.ም. አገኘች፤ ሐይቁና ዓባይም አሏት፤ ንጉሠ ነገሥቱም ቤተ መንግሥት አሠርተውባታል። ለክልሉም መካከል ላይ ናት። ከይርጋለም ወደ አዋሳ፣ ከጎሬ ወደ መቱ የተደረጉት ዝውውሮች ደብረ ማርቆስ ብቻዋን እንዳልሆነች ይመሰክራሉ።

ቅሬታዬ በዝውውሩ ላይ ሳይሆን በአደራረጉ ላይ ነው። በዚያው ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. በ1991፣ የጀርመን ምክር ቤት መንግሥቱን ከቦን ወደ በርሊን ለማዛወር 338 ለ320 በሆነ ድምፅ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ሕግ ደግሞ ከፊሎቹ ሚኒስቴሮች በቦን እንዲቀሩና ለከተማዋ ማካካሻ እንዲከፈል አዘዘ። እኛ ከጦርነት የወጣን ድኾች ነበርንና የገንዘቡ ንጽጽር አይገባም። ጥያቄው ግን ገንዘብ አይፈልግም፤ «ይህ መሥሪያ ቤት ሲነሣ በከተማው ማን ምን ያጣል?» ብሎ መጠየቅ ወረቀትና ብዕር ብቻ ይበቃዋል። በእነዚያ አዋጆች አንቀጾች ውስጥ መቀመጫነታቸውን ስላጡት ከተሞች የሚናገር አንድም አላገኘሁም። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ያገኘችው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው፤ በመካከሉ አንድ ትውልድ ትምህርቱን ጨርሶ ከከተማዋ ወጥቷል። እኔም ከወጡት አንዱ ነኝ።

አባቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ያን ጊዜ ወጣት ነበርሁና ፋይሎቹ ሲታሰሩ አብሬያቸው ሠርቻለሁ። በጆንያ እየከተትን በሲባጎ እናስር ነበር፤ አባቴ በእያንዳንዱ ጆንያ ላይ ከየትኛው ቁጥር እስከ የትኛው እንዳለ በካርቶን ጽፈው ያንጠለጥላሉ። የጭነት መኪናው ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። ከመኪናው ሁለተኛ ጉዞ በኋላ አንድ ሽማግሌ ገበሬ መጡ፤ ከኩታቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው የተጣጠፈች ወረቀት አወጡ። የፋይል ቁጥር ነበረባት።

አባቴ ቁጥሩን አይተው ዝም አሉ። «አባቴ፣ ፋይልዎ ባሕር ዳር ሄዷል» አሏቸው።

ሽማግሌው አልተቆጡም። ወረቀቷን መልሰው እያጠፉ «ባሕር ዳር ስደርስ ማንን ብዬ ልጠይቅ?» አሉ።

አባቴ ወንበር ስበው አስቀመጧቸው። ከገቢና ወጪ መዝገቡ ላይ ፋይሉ የተላከበትን ቀንና የጆንያውን ቁጥር ፈልገው በዚያችው ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፉላቸው። የሚጠየቀውን ሰው ስም ግን ሊጽፉላቸው አልቻሉም፤ እርሳቸውም አያውቁትም ነበር።